የጋራ ረቂቅ፦ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተረኛ ነርሶች ርክክብና መድኃኒት ዝግጅት እንዳይቋረጥ

አርቃቂ (ነርስ፣ ደብረ ብርሃን)
ጤና ይስጥልኝ ውድ አባላት። ለዞናችን ሆስፒታሎች በምናቀርበው ሐሳብ ላይ ብዙዎቻችሁ "ሥልጠና ይጨመር" ብላችኋል። ሥልጠና አልጠላም። ግን ነርሷ ኖርአድሬናሊን (የወረደ የደም ግፊትን ከፍ የሚያደርግ መድኃኒት) እየቀዳች በር ይንኳኳል፤ አስታማሚ ከውጭ የተገዛ መድኃኒት ይዞ ቆሟል። እሱን ሸኝታ ሳትጨርስ ስልክ ይጠራል፣ ቀጥሎ ኦክስጅን ሲሊንደሩ ያልቃል። ስትመለስ ስንት ሚሊ እንደቀዳች የሚመሰክርላት የለም። ይህን የትኛውም ሥልጠና አይፈታውም። ስለዚህ በርክክብና በመድኃኒት ዝግጅት ሰዓት በሩንና ስልኩን የሚይዝ ሰው በየተራው በስም ይመደብ። ርክክቡም አልጋ ዳር ይሁን፦ ወጪዋና ገቢዋ ነርስ የመድኃኒት ፓምፑ ስንት ላይ እንዳለ፣ የመተንፈሻ ቱቦው ከንፈር ላይ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚያነብ፣ የአልጋው ራስጌ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ መነሣቱን አብረው ይዩ።

ጡረተኛ ሜትረን (የነርሶች ኃላፊ የነበሩ)
ልጄ፣ ሐሳብሽ ደግ ነው። አስታማሚውን ግን በር ላይ አቁሞ ዝም ማለት አይሆንም። በሽተኛውን ከመንዝ ድረስ ይዞ የመጣ ሰው በር የሚደበድበው ጭንቅ ይዞት ነው። ሐኪም የሚያነጋግርበት ሰዓት ተቆርጦ ይነገረው፤ ማንኳኳቱም ያኔ ይቀንሳል።

አርቃቂ
እውነትዎን ነው ሲስተር። ጨምሬዋለሁ።

ሐኪም (ደብረ ብርሃን)
የሞኒተሩ አላርም (የማስጠንቀቂያ ጩኸት) ነገር ተረስቷል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ ላይ የደም ኦክስጅን ዝቅ ስለሚል፣ ለቆላ የሚስማማ የኦክስጅን ልክ እዚህ ከተሞላ ሞኒተሩ ሲጮኽ ይውላል፤ ሲጮኽ የዋለውን ጆሮ ይለምደዋል፣ የእውነቱም ጩኸት አብሮ ይታለፋል። የእያንዳንዱ በሽተኛ ልክ በጠዋቱ ዙር ተወስኖ ቻርቱ ላይ ይጻፍ።

ነርስ (ሸዋ ሮቢት፣ ድንገተኛ ክፍል)
ዶክተር ባነሡት ላይ ልጨምር። እኛ በሽተኛ የምንልከው ከ1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ አምቡላንሱ መንገዱ ላይ ያለው የጣርማ በር ዳገት ሲደርስ ከ3,000 በላይ ወጥቷል። የደሙ ኦክስጅን 94 በመቶ ሆኖ የተነሣ ሰው ደብረ ብርሃን ሲገባ ወርዶ ይገኛል፤ ሕመሙ ይሁን ከፍታው ተቀባዩ በምን ይለየው? ሪፈር ወረቀቱ ላይ ሲነሣ የነበረው መጠን፣ ስንት ሊትር ኦክስጅን ላይ እንደነበረ፣ ዳገቱ ላይ የተለካውም ይጻፍ።

የጥራት ክፍል ባለሙያ
ሁሉንም የሚይዝ 40 ነጥብ ያለው ቼክሊስት ላዘጋጅ?

ሐኪም (ደብረ ብርሃን)
ወንድሜ፣ 40 ነጥብ ራሱ ነርሷን ከአልጋው ያርቃታል። በአሜሪካ ሚሺጋን እነ ፒተር ፕሮኖቮስት በሴንትራል ላይን (ትልቅ የደም ሥር ውስጥ በሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ ካቴተር) ኢንፌክሽን ላይ የሠሩትና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ጥናት የተመረኮዘው በአምስት ተግባራት ላይ ነው፦ እጅ መታጠብ፣ ቱቦው ሲገባ ሙሉ ንጹሕ መሸፈኛ መጠቀም፣ ቆዳን በክሎርሄክሲዲን (ጀርም ገዳይ) ማጽዳት፣ ከተቻለ ቱቦውን በብሽሽት አለማስገባት፣ የማያስፈልገውን ላይን ማውጣት። የኢንፌክሽኑ መካከለኛ አኃዝ በ1,000 የካቴተር ቀናት ከ2.7 ወደ 0 ወርዷል። ደንቡ ሲጣስ ነርሷ ሐኪሙን ማስቆም ትችል ነበር። ይህ ሥልጣን በረቂቃችን ውስጥ በግልጽ ይግባ፤ እኔም እንድቆም ይነገረኝ።

ፋርማሲስት (መሐል ሜዳ)
ያልተበረዘ ፖታሲየም ክሎራይድ (በስሕተት እንዳለ ከተወጋ ልብ የሚያቆም መድኃኒት) ከሌሎች አምፑሎች ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ አይቀመጥ። ተቆልፎ ለብቻው ይሁን፤ ሲወጣም ሁለት ሰው ይፈርም።

አርቃቂ
በሌሊት ተራ ነርሷ ብቻዋን ስትሆን ሁለተኛ ፈራሚ ማን ይሁን? የሌሊት ተረኞች እስከ ዓርብ ጻፉልኝ። መስከረም 7 የዓለም የታካሚ ደኅንነት ቀን ስለሆነ ከዚያ በፊት እናስገባው። የአላርሙን፣ የሪፈሩንና የማስቆም ሥልጣኑን አንቀጽ ዛሬ ማታ እጽፋለሁ።