የውጅግራ ሰደፍ ስንጥቅና ዝገት፦ ምኑን ልንካ፣ ምኑን ልተው?

ጠያቂ
ሰላም ለሁላችሁ። የፈረንሳይ ሞዴል 1874 ጠመንጃ፣ ማለትም ውጅግራ አለኝ። ፈቃድ ያለው ነው፤ የሚሰቀለው ግድግዳ ላይ ነው። ሰደፉ ከምላጩ ጀርባ አንገቱ ላይ 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ተሰንጥቆ ድሮ በጠፍር ታስሯል። አፈሙዙ ላይ ቀይ ዝገት አለ፤ የምላጭ ከለላው ቪቶች ፍንክች አይሉም። ጠፍሩን አውልቄ በኢፖክሲ ላጣብቀው? ብረቱንስ በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ጥቁር ላስቀባው? ከዚያ በኋላ ስንት ዘመን ይቆያል?

ናስና_ብረት
ከሁሉ በፊት ባዶነቱን ያረጋግጡ። መዝጊያውን ከፍተው ቀጭን የእንጨት ዘንግ ከአፉ ያስገቡ፤ ጫፉ በጥይት ማደሪያው በኩል ካልታየ እዚያው ያቁሙና ለባለሙያ ያሳዩት።

የብርጭቆ ወረቀቱን ነገር ይተዉት። ለሰብሳቢ ዋጋ ያለው የፋብሪካው ማህተም፣ ቁጥሮቹና የብረቱ አሮጌ ገጽ ነው፤ አንዴ ከተፋቁ አይመለሱም። መዝጊያው ከመጀመሪያውም ጥቁር ያልተቀባ ነጭ ብረት ስለሆነ ጥቁር ከተቀባ ሐሰተኛ መልክ ይይዛል።

ዝገቱን ለይተው ይዩት። ጨርቅ ላይ ብናኝ የሚተወው ቀዩ ገና እየበላ ነው። ለስላሳው ጥቁር ቡናማ ግን የተረጋጋ ስለሆነ አይነካም። ቀዩን በቀጭን የማሽን ዘይት ለ24 ሰዓት አርሰው በነሐስ ሱፍ ወይም 0000 ቁጥር ባለው የብረት ሱፍ በቀስታ ያሹት። ጠንከር ያለውን ጉብታ በመዳብ ቁራጭ ጠርዝ ይላጡ፤ መዳብ ከብረት ስለሚለሰልስ አይቧጭርም። ኮምጣጤና ሎሚ ጤነኛውን ብረት ጭምር በልተው ግራጫ ጠባሳ ይተዋሉ።

የአፈሙዙን ውስጥ አይርሱት። ውጅግራ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው (ለአንድ ጥይት 5.25 ግራም ባሩድ፣ 25 ግራም እርሳስ)። የባሩዱ ጨው እርጥበት ይስባል፤ ዘይትም አያሟሟውም። አፈሙዙ ከእንጨቱ ከተለየ በኋላ በሙቅ ውሃና በ11 ሚሊ ሜትር የነሐስ ብሩሽ ይታጠብ፣ ወዲያው ይድረቅ፣ ከዚያ ዘይት ይነካ።

ቪቶቹን በተመለከተ፦ ራሳቸው ላይ ብቻ ሬዲዮ ጠጋኞች የሚይዙትን የመበየጃ ብረት ለ2 ደቂቃ ያሳርፉ። ቪቱ ሞቆ ሲለጠጥና ሲቀዘቅዝ ሲኮማተር የያዘውን ዝገት ይሰብረዋል። ካቻቪቱ የቪቱን ራስ ስንጥቅ ሙሉ በሙሉ የሚሞላ ይሁን፤ ጎኖቹም ትይዩ ይሞረዱ። ጫፉ እየሳሳ የሚሄደው ካቻቪት እየተንሸራተተ የቪቱን ራስ ያኝከዋል።

ሰደፍ_ጠጋኝ
ጠፍሩን አያውልቁ! እርጥብ ጠፍር ሲደርቅ ስለሚኮማተር፣ አንገቱ የተሰበረ ሰደፍ በአገራችን ሲጠገን የኖረው በዚሁ ነው። ያልተነካ ውጅግራ ፈረንሳይም ይገኛል፤ ጠፍር የታሰረው ግን እዚህ መኖሩንና መሥራቱን ይመሰክራል። ዳግመኛ እርጥብ አድርጎ ማጥበቅም አይገባም፤ ሲደርቅ ስንጥቁን አዛንፎ ይጎትተዋል። ጠፍሩ ብረት የሚነካበት ቦታ ካለ ከሥሩ ስስ የፖሊስተር ፊልም ያስገቡ፤ ቆዳ እርጥበት ይዞ ብረቱን ያዝጋል።

ኢፖክሲ ከገባ አይወጣም። በዚያ ላይ ዘይት የጠጣ እንጨት አይዘውም፤ አንገቱ ደግሞ ዘይት መጠጣቱ አይቀርም። ጠመንጃ አፉ ወደ ላይ ሲቆም ዘይቱ ወርዶ እዚያው ይጠራቀምና እንጨቱን ያለሰልሰዋል። ዘይቱን ለመምጠጥ ካልሲየም ካርቦኔት ዱቄት በአሴቶን (ቶሎ በሚተን ማሟሟያ) ለውሰው ስንጥቁ ላይ ብቻ ይለጥፉ፣ ሲደርቅ ይጥረጉ፤ ዱቄቱ ቢጫ መሆን እስኪያቆም ይድገሙት። ኖራ ግን አይጠቀሙ፣ እንጨቱን ያቃጥላል። አሴቶን ነበልባልን ይጠራል፤ መስኮት ይከፈት።

ቀጥሎ የቆዳ ኮላ፦ 1 እጅ ኮላ በ2 እጅ ውሃ ለጥቂት ሰዓታት ዘፍዝፈው እስከ 60 ዲግሪ ያሙቁ፤ ከ70 ካለፈ ኃይሉ ይዳከማል። በሲሪንጅ አስገብተው፣ ጠፍር በሌለበት በኩል በብስክሌት ጎማ ላስቲክ ጠቅልለው ለ24 ሰዓት ይተዉት። ነገ የተሻለ ጥገና ቢመጣ በሙቅ ውሃ ይለቃል፤ ኢፖክሲን የምቃወመው ለዚህ ነው።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለመጨረሻው ሽፋን የንብ ሰም ይሆናል?

ናስና_ብረት
የንብ ሰም አሲድ አለው፤ ናስ ላይ አረንጓዴ ያወጣል። ማይክሮክሪስታላይን ሰም (ከነዳጅ ዘይት የሚወጣ ሰም) ይሻላል፦ ብረቱን በፀጉር ማድረቂያ ለብ አድርገው ስስ አድርገው ይቀቡና ይወልውሉ። ደብሊውዲ-40 የሚባለው የሚረጭ ዘይት አብዛኛው ስለሚተን ለዓመታት አይታመንም። የናስ ክፍል ካለው አሞኒያ ባለው ማጽጃ አይንኩት፣ ይሰነጥቀዋል።

ስለ ዕድሜው፦ የአየሩ እርጥበት ከ50 በመቶ በታች ከሆነ፣ ሞላው ካልተወጠረ፣ በቆዳ ማኅደር ካልታሸገና በየ6 ወሩ ከታየ ከእኛ በኋላ ለብዙ ትውልድ ይቆያል። የሚሰቀልበት ግድግዳ የውጭ ግድግዳ አይሁን፤ ብርዱ ጤዛ ያመጣል። ተኩስ ግን ጨርሶ አይታሰብ። መዝጊያውን የሚይዘው የእጀታው ሥር ብቻ ነው፣ ጭስ አልባ ባሩድም ከተሠራበት ግፊት በላይ ነው።

ሰደፍ_ጠጋኝ
አንድ ነገር ልጨምር፦ ሥራ ከመጀመርዎ በፊት እያንዳንዱን ጎን ፎቶ ያንሱ፤ ቪቶቹንም የወጡበትን ቀዳዳ በሚያሳይ ካርቶን ላይ ይሰኩ። የአንዱ ርዝመት ከሌላው ስለሚለይ ቦታ ከተለዋወጡ እንጨቱን ይሰነጥቃሉ።