ካርዱ ተኝቶ እያለ ፍላሽ ሲሰካ የተበላሸ ንባብ ይገባል (ራንታይም ፒኤም፣ ሊኑክስ)

የማራኪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ነው የምሠራው። የአየር ሁኔታ ሴንሰሮች የተገጠሙበት አንድ የቆየ ኮምፒውተር አለን። ሴንሰሮቹ የሚገቡት በፒሲአይ ካርድ ነው። ድራይቨሩን (ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም) የምጽፈው እኔ ነኝ።

መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ በባትሪ ነው የሚቆየው። ክረምት ላይ ደግሞ መብራት ቶሎ ቶሎ ይሄዳል። ስለዚህ በራንታይም ፒኤም (ሲስተሙ እየሠራ አንዱን ዕቃ ብቻ በሚያስተኛው አሠራር) ካርዱ ሥራ ሲያጣ ወደ ዲ3ሆት (ወደ እንቅልፍ) እንዲወርድ፣ ንባብ ሲጠየቅ ወደ ዲ0 (ወደ ሙሉ ሥራ) እንዲመለስ አደረግኩ። መተኛቱም መንቃቱም ጥሩ ነው።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ካርዱ ተኝቶ እያለ ሰው ፍላሽ ከሰካ ወይም ማውስ ካንቀሳቀሰ፣ ማንም ያልጠየቀው ንባብ ፋይሉ ውስጥ ይገባል። ቁጥሩ ሁሌም 65535 ነው። ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ ሳስተኛውና ሳነቃው ግን ይሄ ነገር የለም። ተማሪዎች ይህን ዳታ ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ይወስዱታል፤ አንድም የውሸት ቁጥር እንዲገባባቸው አልፈልግም። ከየት ነው የሚመጣው?

የቆየ_ከርነል፦
እህቴ፣ 65535 ማለት 16ቱም ቢት 1 ነው። ይሄን ሴንሰሩ አልላከውም። ዲ3ሆት ላይ ያለ ካርድ ኮንፊገሬሽን ስፔሱ (የፒሲአይ መለያውና ማስተካከያው ያለበት ቦታ) ይነበባል፤ የራሱ ሬጂስተሮች (ዳታውና ትእዛዙ የሚቀመጥባቸው ቦታዎች) ግን አይመልሱም። እነሱን ያነበበ ሁሉ የሚያገኘው 1 በ1 ነው። እንግዲህ ተኝቶ እያለ ማን እንደሚያነበው እንፈልግ። ኢንተራፕቶችን (ዕቃዎች ፕሮሰሰሩን የሚጠሩባቸውን ምልክቶች) የሚዘረዝረውን የፕሮክ ኢንተራፕትስ ፋይል ክፈቺና ካርድሽ ያለበትን መስመር እዚህ ለጥፊልን።

የማራኪዋ፦
ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። 19 ቁጥር ላይ ነው ያለው። እዚያው መስመር ላይ የዩኤስቢ ኮንትሮለሩም አለ።

የቆየ_ከርነል፦
ተገኘ። መስመሩን ሁለት ዕቃዎች ይጋሩታል። ማውሱ ሲንቀሳቀስ ዩኤስቢው ኢንተራፕት ያነሳል። ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ማን እንዳነሳው አያውቅም፤ የሁለታችሁንም ሃንድለር (ኢንተራፕት ሲመጣ የሚሮጠውን ኮድ) በየተራ ይጠራል። ያንቺ ሃንድለር የስቴተስ ሬጂስተሩን (የካርዱን ሁኔታ የሚናገረውን) ያነባል፣ ሁሉም ቢት 1 ሆኖ ያገኘዋል፣ «ንባብ ደርሷል» ብሎ ያምናል። ከዚያ ዳታውን ያነባል፤ እሱም 65535።

ሙሉ በሙሉ ሲተኛ ለምን እንደማይታይም ልንገርሽ፣ ዋናው ነገር እሱ ነውና። ሲስተሙ በሙሉ ሲተኛ ድራይቨሮች በደረጃ ነው የሚወርዱት። መጨረሻ ላይ ኖአይአርኪው የሚባል ደረጃ አለ፤ እዚያ ሲደረስ ከርነሉ የድራይቨሮችን ሃንድለር መጥራት ያቆማል። የፒሲአይ ኮር (ፒሲአይን የሚያስተዳድረው የከርነሉ ክፍል) ካርዱን ወደ ዲ3 የሚያወርደው እዚያ ላይ ነው። ደረጃው የተፈጠረውም ለዚሁ ለጋራ መስመር ችግር ነው። ራንታይም ፒኤም ላይ ግን እንዲህ ያለ ደረጃ የለም። አንዱ ዕቃ ሲተኛ ሌላው ሥራ ላይ ነው፤ መስመሩም ክፍት ነው። ጥበቃው የድራይቨሩ ኃላፊነት ይሆናል።

ሃንድለሩ መጀመሪያ ላይ ፒኤም_ራንታይም_ጌት_ኢፍ_አክቲቭን ይጥራ። ካርዱ ንቁ ካልሆነ ምንም ሬጂስተር ሳይነካ «የእኔ አይደለም» ብሎ ይመለስ። ንቁ ከሆነ ቆጣሪው (ካርዱን ስንት ተጠቃሚ እንደያዘው የሚቆጥረው) ተይዟል፣ ሥራውን ሲጨርስ ይልቀቀው። በተጨማሪ ስቴተሱ ሁሉም 1 ሆኖ ከመጣ አትመኚው።

የማራኪዋ፦
ገባኝ። ሰስፔንድ ኮልባኩ (ካርዱ ሲተኛ የሚጠራው ኮድ) ውስጥ ዲስኤብል_አይአርኪው ብጠራስ? ይቀላል።

የቆየ_ከርነል፦
አይሆንም። እሱ መስመሩን በሙሉ ነው የሚዘጋው፤ ዩኤስቢውም አብሮ ይዘጋል። በካርዱ በራሱ ሬጂስተር ኢንተራፕቱን አጥፊ፣ ከዚያ ሲንክሮናይዝ_አይአርኪው ጥሪ፣ እየሮጠ ያለ ሃንድለር ካለ እስኪጨርስ ይጠብቅልሻል። ካርዱ መተኛት ያለበት ከዚያ በኋላ ነው።

ባህርዳር_ሲ፦
ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር ልጨምር። ንባብ ሲጠየቅ ካርዱን በፒኤም_ራንታይም_ጌት_ሲንክ የምታነቂው ከሆነ፣ ጥሪው ባይሳካም ቆጣሪው ከፍ ብሎ ይቀራል። ስህተት ሲመለስ ካልቀነስሽው ካርዱ ከዚያ በኋላ አይተኛም፣ ባትሪው ዝም ብሎ ያልቃል። ከርነልሽ 5.10 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ፒኤም_ራንታይም_ሪዝዩም_ኤንድ_ጌት አለ፤ ሳይሳካ ሲቀር ቆጣሪውን ራሱ ይመልሳል። እኔ አዲስ ኮድ ላይ ከሱ ሌላ አልጠቀምም።

የማራኪዋ፦
ሁለቱንም አስገባሁ። ካርዱ ተኝቶ ፍላሽ እየሰካሁ እየነቀልኩ አየሁት፤ 65535 ጠፍቷል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ያየሁት ሌላ ነገር፣ ካርዱ ከነቃ በኋላ አንዳንዴ የንባብ ፍጥነቱ እኔ ያዘዝኩት ሳይሆን ፋብሪካው የሰጠው ይሆናል።

የቆየ_ከርነል፦
ከዲ3ሆት ወደ ዲ0 ሲመለስ የውስጥ ይዞታውን የሚጥል ካርድ አለ። የፒሲአይ ኮር የሚመልስልሽ ኮንፊገሬሽን ስፔሱን ብቻ ነው። ፍጥነቱን፣ የቻናል ምርጫውን፣ ሌላም ያዘዝሽውን ሁሉ ሪዝዩም ኮልባኩ (ካርዱ ሲነቃ የሚጠራው ኮድ) ውስጥ እንደገና ጻፊ። ኢንተራፕቱን መክፈት ግን ከሁሉም በኋላ ይሁን።