ናፍጣ የገባበትን የዓሣ ኩሬ ውኃ እንዴት ላክመው?

ጥያቄ (ከባቱ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ከዝዋይ ሐይቅ በፓምፕ ውኃ እየሳብኩ ቆሮሶ የማረባበት ኩሬ አለኝ። ትናንት ከፓምፑ ያፈተለከ ናፍጣ ኩሬው ውስጥ ገብቶ የውኃውን ፊት በቀለም ቀለም ስስ ቅባት ሸፍኖታል፤ ዛሬ ጠዋት ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ ሲዘጉ አይቻለሁ። ጎረቤቶቼ የዱቄት ሳሙና ብበትንበት ቅባቱ እንደሚጠፋ ይነግሩኛል። ልሞክረው ወይስ ውኃውን ወደ ሐይቁ ልልቀቀው?

አንደኛ መልስ፦
እባክዎ ሁለቱንም አያድርጉ። ሳሙናው ናፍጣውን አያጠፋውም፤ በጥቃቅን ጠብታ መልክ ወደ ውኃው ውስጥ ያስገባውና መርዙ በቀጥታ የዓሣውን ስንጥብ (የሚተነፍስበትን አካል) እንዲያገኘው ያደርጋል፤ ሳሙናው ራሱም ስንጥብ ይጎዳል። በ1967 እ.ኤ.አ. ቶሪ ካንየን የተባለችው ነዳጅ ጫኝ መርከብ በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ ስትሰበር፣ ለማጽጃ የተረጨው ኬሚካል በባሕር ዳር ፍጥረታት ላይ ከነዳጁ የከፋ ጉዳት አድርሷል። ወደ ሐይቁ መልቀቅ ደግሞ ጉዳቱን ለአስጋሪዎችና ውኃውን ለሚጠጣው ሕዝብ ማስተላለፍ ነው።

ሁለተኛ መልስ፦
አስቀድመው ፓምፑን ያቁሙ። ነፋስ ቅባቱን ወደ አንድ ጥግ ስለሚገፋው፣ በዚያ በኩል ጥጥ ወይም ደረቅ ጭድ በመረብ ቋጥረው ያንሳፍፉና ናፍጣውን ሲመጥ ያውጡት፤ ጭዱ እንዲሁ ከተበተነ ግን ሰጥሞ ይበሰብስና ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። የሚታየው ቅባት ከተነሣ በኋላም እንደ ቶሉዊንና ናፍታሊን ያሉ፣ ከናፍጣው ወጥተው ውኃው ውስጥ የሟሙ ውህዶች ይቀራሉ፤ ዓሣን ፈጥነው የሚጎዱት በተለይ እነዚህ ናቸው። ስለዚህ ሌት ተቀን አየር ይንፉበት፤ በቀላሉ የሚተነው የናፍጣው ክፍል ወደ አየር ይወጣል፣ ናፍጣ የሚያፈርሱ ባክቴሪያዎችም ኦክስጅን ያገኛሉ። የተረፈውን፣ ውኃውን አክቲቬትድ ካርቦን (ብክለትን መጥጦ እንዲይዝ ተለይቶ የተዘጋጀ ከሰል) በተሞላ በርሜል ደጋግመው በማሳለፍ ይቀንሱታል። የማገዶ ከሰል የዚያን ያህል አይዝም። ቅባቱ ሳይነሣ ካርቦኑን መጠቀም ደግሞ ወዲያው ስለሚደፈን ገንዘብ ማባከን ነው።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሳሙናውን ትቼዋለሁ። የጉድጓድ ውኃ የያዘ ገንዳ ስላለኝ ዓሦቹን ላዛውራቸው?

ሦስተኛ መልስ፦
ያዛውሯቸው፤ ነገር ግን የውኃው ሙቀት በድንገት እንዳይለወጥባቸው ቀስ በቀስ ያለማምዷቸው፣ የጉድጓድ ውኃም ኦክስጅኑ አነስተኛ ሊሆን ስለሚችል አስቀድመው አየር ይንፉበት። ኩሬው መዳኑን በዓይን አይፍረዱ። ጥቂት ዓሦችን በመረብ አድርገው ኩሬው ውስጥ ቢያንስ ለ96 ሰዓት ያቆዩ፤ በቤተ ሙከራም የተለመደው የመርዛማነት መፈተኛ ጊዜ ይኸው ነው። ጫጩቶች ከትልልቆቹ ይልቅ ስለሚጎዱ መጨረሻ ይመለሱ። ጭቃው ሲነካ ቅባት የሚለቅ ከሆነ ገና ነው፤ ሥጋው ናፍጣ የሚሸት ዓሣም ለገበያ አይቅረብ።