የ1968 ቮልስ በጅማ፦ ከመግዛቴ በፊት ምን ልመርምር?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ጅማ እ.ኤ.አ. በ1968 የተሠራች ቮልስ ከአንድ ጡረተኛ መምህር ለመግዛት ተነጋግሬያለሁ። ሞተሯ ያለችግር ይነሳል፤ ቀለሟ ግን አዲስ በመሆኑ ከሥሩ ያለው ነገር ያሳስበኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ የተመኘኋት መኪና ስለሆነች ጉጉቴ ዓይኔን እንዳይጋርደው ምክራችሁን እሻለሁ።

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ ከቀለሙ በፊት የኋላውን መቀመጫ ያንሱት። ባትሪው የሚቀመጠው እዚያ በቀኝ በኩል በመሆኑ፣ አሲድ የፈሰሰበት ወለል እንደ ደረቅ ቅጠል ይፈረካከሳል፤ በእኔዋ ባትሪው ሲነሳ መሬቱ ታይቶኛል። በጅማ ዝናብ ዝገት ቶሎ ስለሚስፋፋ ላሜራውን በማግኔት ይፈትሹ፤ ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ዝገትና ጉዳት የሚሸፈንበት ወፍራም ስቱኮ (የመሙያ ልስን) አለው። የሻንሲ ቁጥሩም እዚያው መቀመጫ ሥር ተመትቶ ይገኛልና ከሊብሬው ጋር ሳያመሳክሩ ቀብድ አይክፈሉ።

መልስ 2፦
እኔ የምጨምረው ስለ አያያዝ ነው። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በአየር ሲሆን፣ ማራገቢያውንና ዲናሞውን የሚያዞረው አንድ ቺንጊያ ነው፤ ስለዚህ የጊቤን ዳገት ሲወጡ የቻርጅ መብራት ከበራ ቺንጊያው ተበጥሶ ማራገቢያውም ቆሞ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ዳር ይዘው ሞተሩን ያጥፉ። ዘይቱ 2.5 ሊትር ብቻ ነው፤ ከሽቦ ወንፊት በቀር ፊልትሮ ስለሌለው በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየሩን አያሳልፉ። ቫልቮቹም ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ ሳለ በ0.15 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይስተካከሉ።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ማግኔት ይዤ እሄዳለሁ።