ፖይንተር ላይ 1 ስደምር ለምንድነው በ4 የሚዘለው?

ጀማሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሲ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ እየተማርኩ ነው፣ ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ የሚይዝ ተለዋዋጭ) ላይ ስደርስ ግን ግራ ገባኝ። 10፣ 20፣ 30 እና 40 የያዘ የኢንት (ሙሉ ቁጥር) አሬይ፣ ማለትም ተከታታይ ዝርዝር፣ አለኝ፤ ፒ የሚባል ፖይንተር መጀመሪያው ላይ አስቀመጥኩ። አድራሻውን በፕሪንትኤፍ ሳወጣው የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች 10 ናቸው። ፒ + 1 ስለው 14 አለኝ! እኔ 11 ነበር የጠበቅኩት። ደግሞ *ፒ + 1 ስል 11 ይሰጠኛል፣ *(ፒ + 1) ስል 20። ምን እየሆነ ነው?

ፕሪንትኤፍ_በሌሊት፦
ልክ ነው የሰራው። ፒን የኢንት ፖይንተር ነው ስትለው ለኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ ለሚተረጉመው ፕሮግራም) የእርምጃውን ርዝመት ነግረኸዋል። አንተ ማሽን ላይ ኢንት 4 ባይት ነው፣ ስለዚህ ፒ + 1 ማለት ቀጣዩ ኢንት እንጂ ቀጣዩ ባይት አይደለም። 1 ባይት የሚይዝ የቻር አሬይ ቢሆን ኖሮ 11 ታይ ነበር፣ 8 ባይት የሚይዝ ደብል ቢሆን ደግሞ 18። ሞክረው።

ሁለተኛው ቀላል ነው፤ ኮከቧ (አድራሻው ላይ ያለውን ዋጋ አንብብ ማለት ናት) ከመደመሩ ትቀድማለች። ቅንፍ ከሌለ መጀመሪያ 10 ይነበባል፣ ከዚያ 1 ይደመርበታል። ቅንፍ ካለ ፖይንተሩ ይራመድና እዚያ ያለው ይነበባል።

የድሮ_ኮደር፦
ይሄን ነገር ሁሉም በቤት ቁጥር ምሳሌ ለምን እንደሚያስረዳው አይገባኝም፣ ታሪኩ ራሱ ይበልጥ ግልጽ ነው። ከሲ በፊት የነበረው ቢ ቋንቋ ታይፕ (የዳታ ዓይነት) የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ሁሉም ዎርድ (ማሽኑ በአንዴ የሚያስተናግደው መጠን) ነው፣ 1 ስትደምር ቀጣዩ ዎርድ ላይ ትደርሳለህ፣ አለቀ። ሲ የተሰራበት ቤል ላብስ ውስጥ ፒዲፒ-11 የተባለው ኮምፒውተር ሲመጣ ግን ማሽኑ አድራሻ የሚቆጥረው በባይት ሆነ፣ ቻር 1 ባይት ኢንት 2። የሲ ፈጣሪ ዴኒስ ሪቺ ታይፕ ካስገባበት ምክንያት አንዱ ይሄ ነው፤ ኮምፓይለሩ በስንት እንደሚያባዛ ማወቅ ነበረበት።

በነገራችን ላይ ኤ የሚባል አሬይ ቢኖርህ ኤ[2] ስትል *(ኤ + 2) ማለትህ ነው። 2[ኤ] ብለህ ብትጽፈውም ይሰራል። የስራ ቦታ ኮድ ላይ እንዳታደርገው ብቻ፣ ያጣላሃል።

ጀማሪው፦
እሺ አሁን ገባኝ። ታዲያ ኪው የሚባል ሌላ ፖይንተር 40 ላይ ቢሆን ኪው - ፒ 12 መሆን አልነበረበትም? 3 ነው የሚለኝ።

ፕሪንትኤፍ_በሌሊት፦
ስትቀንስም የሚቆጠረው ኤለመንት (የአሬዩ አባል) ነው። 12ቱ ባይት ለ4 ተካፈለ። ሁለቱ ፖይንተሮች ግን አንድ አሬይ ውስጥ መሆን አለባቸው፣ አለበለዚያ ውጤቱ ላይ እንዳትተማመን።

ሴግፎልት፦
ማንም ያልነገረህን ልጨምር። አሬይህ 4 ኤለመንት ነው ያለው። ፒ + 4ን ሉፕ (ድግግሞሽ) ለማቆም ማነጻጸሪያ ማድረግ ትችላለህ፣ *(ፒ + 4) ብለህ ማንበብ ግን ክልክል ነው፤ ፒ + 5ን ደግሞ ማስላቱ ራሱ ክልክል ነው። ሲ አያስቆምህም። አንዳንዴ የሆነ የማይረባ ቁጥር ሰጥቶህ ዝም ይላል፣ ፕሮግራሙ ስላልወደቀ ልክ ነው ብለህ ታልፋለህ። ጂሲሲ የሚባለው ኮምፓይለር ላይ አድረስ ሳኒታይዘር የሚባለውን የሜሞሪ ስህተት ፈላጊ አብርተህ አሂደው፣ የት ጋ ከአሬዩ እንደወጣህ ይነግርሃል።

እና *ፒ++ የሚያራምደው ፖይንተሩን ነው። ዋጋውን ለመጨመር ከፈለግህ (*ፒ)++ በል።