የዱቤ መዝገቤን ክላውድ (ኢንተርኔት ላይ ያለ የፋይል ማስቀመጫ) ላይ ላውጣው ወይስ ይቅርብኝ?

ሰላም ቤተሰብ። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የግንባታ ዕቃ መደብር አለኝ። ባለፈው ሳምንት መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሬ አልነሳ አለ። ሃርድ ዲስኩ ተቃጥሏል፤ የሁለት ዓመት የዱቤ መዝገብ አብሮ ሄደ። አሁን የቀረችኝ ከሲሚንቶ ከረጢት ቀድጄ ስም የሞነጫጨርኩባት ወረቀት ናት። እሷም ግማሿ ረጥባለች።

ወንድሜ "ጎግል ድራይቭ ላይ ጫነው፣ 15 ጊጋባይት በነፃ ነው" ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ኮምፒውተሩ ቢቃጠልም መዝገቡ ይተርፋል። ግን በነሐሴ 2015 የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ሳለ ያየነውን አይተናል። ደንበኛ ፊቴ ቆሞ ፋይሉ አልከፈት ቢለኝስ? የይለፍ ቃሉን የያዘው ልጅ ሥራ ቢለቅስ?

ያለ ኢንተርኔት እየሠራ፣ መስመር ሲመጣ ራሱ የሚልክ ነገር የሞከራችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ አሳዩኝ። ግራ ገብቶኛል።