ሲድኒ ፖይቲየር ለሆዱ ያደረ ነበር?

አወያይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው መከራከሪያችን ሲድኒ ፖይቲየር ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1964 በመሪ ተዋናይነት ኦስካር የወሰደ የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ። በ2022 መጀመሪያ በ94 ዓመቱ አርፏል። ነጮችን ለማስደሰት ይሠራ ነበር የሚለው ክስ ግን የቆየ ነው። በ1967 ክሊፎርድ ሜሰን የተባለ ጥቁር ጸሐፊ ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ «ነጭ አሜሪካ ፖይቲየርን ለምን እንዲህ ወደደችው?» ብሎ ጠይቆ ነበር። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የፊልም ወዳጅ፦
እኔ ከሜሰን ጋር ነኝ። ሰውየው ለሆዱ ያደረ ነው። በ1958 ከቶኒ ከርቲስ ጋር የሠራውን ፊልም አስታውሱ። አንድ ነጭና አንድ ጥቁር እስረኛ በአንድ ሰንሰለት ታስረው ያመልጣሉ። መጨረሻ ላይ ሰንሰለቱ ተፈቷል። ፖይቲየር ባቡሩ ላይ ወጥቷል፤ አለቀ፣ ነፃ ነው። ነጩ ከኋላ እየሮጠ ነው። እጁን ያዘው፣ መሳብ አቃተው፣ አብረው ወደቁ። ከዚያ ነጩን አቅፎ እየዘፈነ አሳዳጆቹን ጠበቀ። ጥቁሩ ደራሲ ጄምስ ባልድዊን እንደጻፈው የሐርለም፣ የኒው ዮርኩ የጥቁሮች ሰፈር፣ ተመልካች «ባቡሩ ላይ ተመለስ፣ አንተ ሞኝ!» እያለ ይጮህ ነበር። ያ ጩኸት ለእኔ በቂ ፍርድ ነው።

መምህር፦
ልጄ፣ ባቡሩ ላይ ተስማምተናል። «ለሆዱ ያደረ» የሚለው ቃል ግን ከበደኝ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ማርቲ ባውም የተባለ ወኪል አንድ ሚና አመጣለት፤ በሳምንት 750 ዶላር። ገጸ ባሕርዩ የጽዳት ሠራተኛ ነው። ልጁን ገድለው ሬሳዋን ደጁ ላይ ይጥሉበታል፣ እሱ ግን ዝም ይላል። ፖይቲየር እምቢ አለ። አባቴ ቢሆን ዝም አይልም ነበር፣ ይህን ሰው አልጫወትም አለ። በዚያን ጊዜ ሚስቱ ሁለተኛ ልጃቸውን ልትወልድ ደርሳለች፣ የሐኪም ቤት መክፈያ የለውም። የቤት ዕቃውን አስይዞ 75 ዶላር ተበደረ። ለሆዱ ያደረ ሰው ይህን አያደርግም። ባውም ራሱ ይህን ዓይነቱን ሰው መወከል አለብኝ ብሎ ከጥቂት ወራት በኋላ ወኪሉ ሆነ።

የሜሪላንዷ፦
እኔን የሚነካኝ የአነጋገሩ ታሪክ ነው። ወላጆቹ ከባሃማስ ካት ደሴት የመጡ ቲማቲም አምራቾች ናቸው። ኒው ዮርክ ሲገባ ገና 16 ዓመቱ ነው። ለአንድ ጥቁር የቴአትር ቡድን ሊፈተን ሄዶ ሲያነብ ተንተባተበ፤ አክሰንቱም ከባድ ነበር። ሂድና ሰሃን እጠብ ብለው አባረሩት። ሬዲዮ ገዛና ለወራት ዜና አንባቢ የሚለውን እየደገመ አፉን አስተካከለ። ሰሃን የሚያጥብበት ምግብ ቤት ደግሞ አንድ አይሁዳዊ ሽማግሌ አስተናጋጅ ማታ ማታ ሥራ ሲያልቅ አብሮት ተቀምጦ ጋዜጣ ያስነብበው ነበር። እዚህ አገር ስልክ አንስቼ «ምን አልሽ? ድገሚልኝ» ስባል ያ ልጅ ትዝ ይለኛል። እንዲህ ተነስቶ እዚያ የደረሰን ሰው ሎሌ ማለት ይከብደኛል።

የፊልም ወዳጅ፦
እህቴ፣ ትግሉን አልካድኩም። እኔ የምለው የተሰጠውን ሚና ነው። በ1967 የነጭ ልጅ ሊያገባ የመጣ ሐኪም ሆነ። የተማረ፣ ስመ ጥር፣ እንከን የለሽ። እንደዚያም ሆኖ ሲሳሳሙ የምናየው በታክሲው ሾፌር መስታወት ውስጥ ነው። ነጭ ቢሆን እንዲህ ፍጹም መሆን ይጠበቅበት ነበር? ደካማ፣ ተናዳጅ፣ አፍቃሪ ሰው መሆን ለምን ተከለከለ?

መምህር፦
እውነት ነው፣ ያ ፍጹምነት እስር ቤት ነበር። ግን ያንኑ ዓመት የሠራውን ሌላውንም አትርሳ። በአሜሪካ ደቡብ ውስጥ ባለጸጋው ነጭ በጥፊ ሲመታው መርማሪው ፖይቲየር ሳይውል ሳያድር፣ እዚያው፣ በጥፊ ይመልስለታል። ከፊልም ውጭስ? በ1964 ክረምት ከዘፋኙ ከሃሪ ቤላፎንቴ ጋር ለጥቁር መራጮች ምዝገባ ትግል 70 ሺህ ዶላር ይዘው ግሪንውድ፣ ሚሲሲፒ ወረዱ። ሌሊት የክላን፣ የነጭ ዘረኞች ቡድን፣ መኪኖች ከኋላ እየገጩ አሳደዷቸው። ኦስካሩን ከወሰደ ገና አራት ወሩ ነበር። አርፎ ቤቱ መቀመጥ ይችል ነበር።

የሜሪላንዷ፦
ይህን አላውቅም ነበር መምህር። እግዜር ይስጥልኝ።

የፊልም ወዳጅ፦
የግሪንውዱን እኔም አሁን ሰማሁ። ለሌሎች ጥቁሮች በሩን ከፈተ የሚሉም አሉ፤ ግን ቀጣዩ ጥቁር መሪ ተዋናይ ዴንዘል ዋሽንግተን ኦስካር የወሰደው በ2002 ነው። 38 ዓመት! የዚህ ጥፋት የሆሊውድ እንጂ የፖይቲየር አይደለም፣ እሺ። መምህር፣ «ለሆዱ ያደረ» ያልኩትን አንስቻለሁ፣ ይቅርታ። ባቡሩን ግን አልተውም። መውረድ አልነበረበትም።